ግባና ልተኩስብህ

የዓለም ጤና ከተማው ሽንኩርት ነጋዴ ጋሽ አምባዬ ሕግ ያውቃል። ማለቴ፣ እንደሚያውቅ ያምናል። ያስተማረው ጎረቤቱ ገብረወልድ ነው፤ ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ሲጠራ የኖረ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ሰፈሩን በነጻ የሚያማክር ሰው። እንደ ገብረወልድ ትምህርት ነገሩ ቀላል ነው። ሌባ አጥርህ ውስጥ ከሆነ ያንተ ነው፤ ያሻህን አድርገው። ከአጥርህ ከወጣ ግን የመንግሥት ነው፤ እንዳትነካው። አምባዬ ይህን ከሰማ ወዲህ ከአባቱ የወረሳትን ባለ ፈቃድ ምንሽር እየወለወለ ሌባ ይጠብቅ ጀመር። አይ አምባዬ! እንግዳ እንኳ እንደዚያ ተናፍቆ አያውቅም።

ሚስቱ ጉዲቱ ጠመንጃዋን አትወድም። ቸርች የምታዘወትር ሴት ናት፤ ስትዋሽ የሰማ ስለሌለ ሰፈሩ ውስጥ ጉዲቱ ብላለች ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ባሏ ፈቃዱን ሲያሳድስ ዝም ትለዋለች፤ ጥይቶቹን ግን ቦታ እየለዋወጠች ትደብቅበታለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጉዲቱ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። አምባዬ በሽርጥ ሆኖ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ኳስ ሲያይ እንቅልፍ ጣለው። የቀሰቀሰው ጸጥታው ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ኳሱ የለም፣ ተንታኙ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ የለም። በመስኮት ሲያይ አንድ ጃኬት የለበሰ ራሰ በራ ጎልማሳ ያን የሚያህል ቴሌቪዥን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ በዋናው በር እየወጣ ነው።

የአምባዬ ደም ፈላ። ለምን ይዋሻል፣ ደስታም ያለበት ቁጣ ነበር። ምንሽሯን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣ። ጥይቱስ? ፍራሹን ገለበጠ፣ የጉዲቱን የጫማ ካርቶኖች በታተነ፣ በመጨረሻ የሽሮ ጣሳው ውስጥ አገኘው። ሽሮውን ከጥይቱ ላይ እፍ እፍ ብሎ ምንሽሯን አጎረሳትና እየሮጠ ወጣ።

ሌባው ሩቅ አልሄደም። ከመንገዱ ማዶ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቴሌቪዥኑን አስደግፎ፣ ላቡን እየጠረገ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ ይከራከራል። አምባዬ መንገዱን ተሻግሮ አነጣጠረበት። ልክ ሲያነጣጥር የገብረወልድ ትምህርት ትዝ አለው። ሰውየው የቆመው የመንግሥት መሬት ላይ ነው።

«ና ግባ!» አለው፣ በአፈሙዙ ግቢውን እያሳየ።

ሌባው ምንተስኖት ይባላል። እጆቹን ወደ ላይ እንዳደረገ ግራ ገባውና ለምን እንደሚገባ በትሕትና ጠየቀ።

«ግባና ልተኩስብህ!»

«ጋሼ፣ እንደሱ ከሆነማ እዚሁ ይሻለኛል» አለ ምንተስኖት።

ባጃጁ እግሬ አውጪኝ አለ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አምባዬ ግባ ይላል፣ ሌባው አልገባም ይላል፤ ለማያውቅ ሰው ምሳ ቅመስ እየተባለ የሚግደረደር ዘመድ ይመስላል። ገብረወልድ ከደጁ ላይ ሆኖ አንድ እግሩን እንኳ ካስገባ ይበቃል እያለ ይመክራል። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። አምባዬ በገዛ ሰፈሩ፣ በሽርጥ፣ መሳቂያ ሆነ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ አጥሩንም ትምህርቱንም ረሳና ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ። ምንተስኖት ይህን ሲያይ ክው አለ።

ይሄኔ ጉዲቱ ከለቅሶ ደረሰች። አልጮኸችም። በሁለቱ መሃል ገብታ ቴሌቪዥኑን አነሳችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ዕቃህ ይኸው እጄ ላይ ነው። ሰውየውም ባዶ እጁን ነው። አሁን የምትገድለው ስለ ምንድን ነው?»

አምባዬ ስለሳቁብኝ ነው ሊል ነበር፣ አፈረና ተወው። አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ። ፖሊስም ብዙ ሳይቆይ ደረሰና ሁሉንም ይዞ ሄደ።

ወደ ጣቢያ ሲሄዱ ገብረወልድ ሥራ አልፈታም። መንገድ ላይ ሰው ላይ መሣሪያ መደገን እንደሚያስጠይቅ፣ ጠመንጃዋም እንደምትቀር ገብቶታል። ስለዚህ ሌባው ግቢ ውስጥ ጩቤ መዞ ነበር እንበል ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አስማማ። ለጎረቤት ምን የማይባል አለ! ጣቢያ ሲደርሱ የመጀመሪያው ምስክር ትንሽ ጩቤ አየሁ አለ። ሁለተኛው የሥጋ ቢላ አደረገው። ገብረወልድ ተራው ሲደርስ ገጀራ ሆነ። መርማሪዋ ሃዊ፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ወጣት፣ ሰውየው ቴሌቪዥኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ገጀራውን በምኑ እንደያዘው ጠየቀችው።

«በጥርሱ» አለ ገብረወልድ።

ሃዊ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ አምባዬ ዞረች።

«ኦቦ አምባዬ፣ ሕጉ የሚያየው አጥሩን ሳይሆን አደጋውን ነው። መጥቶብዎት ከነበረ ራስዎን መከላከል መብትዎ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሄድ ሰው ግን፣ ግቢዎ መሃል እንኳ ቢሆን፣ ጥይት የለም።»

እንግዲህ ሁሉም ነገር እዚያ ጩቤ ላይ ቆመ። ጩቤ ከነበረ ምንተስኖት ለብዙ ዓመት ይገባል፣ አምባዬ ምንሽሯን አንግቶ ቤቱ ይሄዳል። ጩቤ ካልነበረ ምንሽሯ እዚሁ ትቀራለች፣ አምባዬም በማስፈራራት ይከሰሳል። ምንተስኖት መስረቁን አምኗል፤ ጥጉ ላይ ተኮራምቶ ወለሉን ያያል። ስለ ጩቤው የእሱን ቃል ማን ይሰማል?

ሃዊ ጉዲቱን ታውቃታለች፤ የማያውቃት የለም። የሌላውን ሁሉ ትታ፣ በኦሮምኛው የአክብሮት አጠራር አደ ጉዲቱ ብላ፣ ጩቤ አይተው እንደሆነ ይንገሩኝ አለቻት።

ጉዲቱ ባሏን አየችው። በሽርጥ፣ በነጠላ ጫማ፣ ጸጉሩ ተንጨባርሮ ቆሟል። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። አምባዬ ልትዋሽለት መሆኑ ገባው። እህቷ ስትሞት እንኳ ለቅሶ ላይ ያልነበራትን ጸባይ ጨምሬ አላወድሳትም ያለች ሴት!

«አዎ፣ አንድ...» ብላ ጀመረች።

«ጩቤ አልነበረም» አለ አምባዬ። «ምንም አልያዘም። ወጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ ነበር። ተከትዬ የሄድኩበት እኔ ነኝ።»

ምንተስኖት ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጎትቶ ድምፁን ሳያሰማ አለቀሰ። ሃዊ ምንሽሯን ተረክባ መዘገበቻት፤ ቴሌቪዥኑም ለማስረጃ እዚያው ቀረ። አምባዬ በዋስ ተለቀቀ፤ ዋሱም ገብረወልድ ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል።

ባልና ሚስት ጎን ለጎን የቤታቸውን መንገድ ያዙ።

«ልዋሽልህ ነበር እኮ» አለች ጉዲቱ።

«አይቼሻለሁ» አለ አምባዬ። «ሌባው ቴሌቪዥን ነው የወሰደብኝ። እኔ ግን አንቺን ውሸታም ላደርግሽ ነበር።»

ጉዲቱ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ እጁን ያዘችው።