ሞቲቱ የለበሰችው ሽርጥ

የሽርጡ አንድ ጥግ ሰማያዊ ነበር። ስቫታቫ ይህን ያየችው ሞቲቱ፣ በሞት አምሳል የተሠራችው የገለባ አሻንጉሊት፣ ከድልድዩ ተወርውራ ሳዛቫ ወንዝ ላይ ልትወድቅ አንድ ክንድ ሲቀራት ነው። የገለባ ገላዋም ሆነ ከእንቁላል ቅርፊት የተሠራው የአንገት ጌጧ እንደ ወትሮው ነበር። ሽርጧ ግን ዙሪያውን ቀይ ጥልፍ ኖሮት አንዱ ጥጉ ሰማያዊ ነው። ቀይ ክር አልቆባት ያንን ጥግ በሰማያዊ የጨረሰችው ስቫታቫ ራሷ ናት፤ ለልጇ ለይትካ።

«ሩጡ!» አለ አንዱ። መንደሩ በሙሉ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ሮጠ፤ እሷም ሮጠች። በዚህ እሑድ ወደ ኋላ የዞረ ሰው ዓመቱን አይጨርስም። ቄሱ ይህን ልማድ ተዉ እያሉ በየዐቢይ ጾሙ ይገሥጻሉ፤ መንደሩም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸውና ከቅዳሴ ሲወጣ ሞትን ተሸክሞ ከመንደር ያስወጣል። ሞቲቱ የምትለብሰው በበረዶው ወራት የሞተ ሰው ልብስ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ከለበሰች ባለቤቱን ሳታስከትል አትቀርም ይባላል። ስቫታቫ ይህን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ እናቷ የተናገረችው ክፉ ነገር ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ ደግሞ ትዝ አይላትም።

ምናልባት ዐይኔ ይሆናል፣ አለች። ዞሮ ማረጋገጥ ደግሞ አይቻልም።

ይትካን የመንደሩ ውሃ ጉድጓድ አጠገብ አገኘቻት። ከልጃገረዶቹ ጋር «በጋ» የሚሏትን በጥብጣብ ያጌጠች የጥድ ቅርንጫፍ ይዛ፣ አፏን በበቀለ አተር ጥብስ ሞልታለች።

«ሽርጥሽስ?»

«የቱ?»

«ስንት ሽርጥ አለሽ? የባላባት ልጅ ሆንሽ እንዴ?»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ይትካ አልሳቀችም። «ታጥቦ ተሰጥቷል፣ እማ። አጥር ላይ።»

ስቫታቫ ግንባሯን ነካቻት። ይሞቃል። ከሩጫው ነው ወይስ ጀመራት?

«ኧረ ይልቀቋት እትዬ ስቫታቫ፤ በጋን በየቤቱ ሳናደርስ ሊመሽብን ነው!» አለች አንዷ፤ ይትካን እጇን ጎትታ እየዘፈኑ ሄዱ።

አጥሩ ላይ ምንም የለም። ከሥሩ አንዲት ዶሮ ትጭራለች።

ዘንድሮ ልብስ መስጠት የነበረባት ጎረቤቷ ማህና ናት። አንድ ልጇ ዝዴና፣ የይትካ ጓደኛ፣ ከጥምቀት በኋላ በሳል ሞታለች። ማህና ዛሬ ድልድዩ ጋ አልታየችም።

«ቤቶች!» አለች ስቫታቫ ከማህና ደጅ ቆማ።

«ግቢ፣ ግቢ። ምነው ፊትሽ እንዲህ የገረጣው?»

ማህና ጭን ላይ ነጭ ሽርጥ ተጣጥፏል።

«የዝዴና አይደለም እንዴ ይሄ?»

ማህና ሽርጡን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ሌላውን ለብሳ ተቀበረች፤ የቀረኝ ይሄ ነው። ትናንት ሴቶቹ ሊወስዱት መጡ። ልማድ ነው፣ ምን እላለሁ? እጄ ግን አልፈታ አለኝ። ይሄኔ ያንቺዋ ገብታ ‹ይሄን ውሰዱ፣ ዝዴና እኛ ቤት የረሳችው ነው› አለቻቸው። አንቺ የላክሻት መስሎኝ ሌሊቱን ስመርቅሽ አደርኩ እኮ።»

ስቫታቫ «ዕድሜ ይስጥሽ» ብላ ወጣች። ወንዙ የወሰደው ሁሉ የሚያርፈው ከመንደሩ በታች፣ በባለ ወፍጮው በሆይሚር ግድብ ላይ ነው። ሽርጡን ከሞቲቱ ላይ አውልቃ ልታመጣው ቆረጠች። መንገዱን ሁሉ ትኩሳት ታያት፣ የሚራገጥ ፈረስ ታያት፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ የተዉት ጉድጓድ ታያት።

ሆይሚር ረጅም ዘንግ ይዞ ግድቡ ላይ ቆሟል። ከሥሩ አንድ አይደለችም፤ ሦስት ሞቲቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይንሳፈፋሉ። ስቫታቫ ፍርሃቷን ረስታ ጎንበስ አለች። እዚህ መንደር ተወልዳ አድጋ ይህን አይታ አታውቅም። ማንስ አይቶ ያውቃል? ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሮጠው።

«ሦስት ናቸው እንዴ?»

«እስካሁን። የላይኛው መንደር ሰዎች ገና ናቸው፤ መዘግየት ይወዳሉ። ይቺን እያት፣ ስስታሞቹ ጆንያ አልብሰው ሰደዷት። ያቺ ወፍራሟ የገዳሙ ገባሮች የሠሯት ናት። የእናንተዋ ዘንጣለች።»

«ምን ያደርጓቸዋል፣ ጋሼ ሆይሚር?»

«እገፋቸዋለሁ። የታችኛው ወፍጮ ደግሞ ይገፋቸዋል።»

«መጨረሻቸውስ?»

«ጀርመኖች አገር ነው ይላሉ። ይበላቸው።»

ስቫታቫ ወደ ሽርጡ ጠቆመች። «እሱን ልወስድ ነው የመጣሁት። የልጄ ነው። ልጄ ደግሞ በሕይወት አለች።»

ሆይሚር አገጩን አከከ። «እኔም አንድ ዓመት ልብስ ጠፍቶ የሚስቴን ቀሚስ አልብሻታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይኸው ሃያ ዓመት ቀሚሴን መልስ እያለች ትጨቀጭቀኛለች።»

«የሰርጌ ቀሚስ ነበር!» የሚል ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ ውስጥ መጣ።

«ሰማሽ?» አለ ሆይሚር ዘንጉን እያቀበላት። «ከፈለግሽ ውሰጂው፤ ለማንም አልናገርም። ከሷ ላይ አውልቆ ቤቱ ያስገባ ሰው ግን አላየሁም። ምን እንደሚከተል እኔም አላውቅም።»

ስቫታቫ የሽርጡን ጠርዝ በዘንጉ ያዘችና ሳበች። ሽርጡ ብቻውን አልመጣም፤ ሞቲቱ አብራ መጣች፣ ተገልብጣም ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። በከሰል የተሣለው አንድ ዐይኗ ታጥቦ ጠፍቷል። ይህን ይዤ ብመለስ፣ አለች ስቫታቫ በልቧ፣ ሰው ሁሉ ይዞ ያስወጣትን እኔ በገዛ እጄ ደጃፌን ላሻግራት ነው። ይትካ ለብሳው ማህና ብታየውስ?

ዘንጉን አዞረችና የገለባውን ደረት ገፋችው። ሞቲቱ ግድቡን ተሻግራ ወደቀች። ስቫታቫ እስከምትጠፋ ድረስ ዐይኗን አልነቀለችም።

ቤት ስትደርስ እየመሸ ነው። ባሏ በጌታው ጫካ እንጨት ሊጭን ሄዶ እስከ ረቡዕ አይመለስም። ይትካ ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላለች።

«አልታጠበም» አለች ሳትጠየቅ።

«ዐውቃለሁ።»

«ልትመቺኝ ነው?»

«ነገ።»

«እማ፣ ሌላም አለ። ስንሮጥ ወደ ኋላ አየሁ። ዝዴና ብቻዋን የሄደች መሰለኝ።»

ስቫታቫ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሽርጡ አንድ፣ መዞሩ ሁለት። ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ? «እኔ ደግሞ ግድቡ ድረስ ሄጄ ፊት ለፊት አየኋት» አለች።

ይትካ ቀና አለች። «አየሻት? ምን ትመስላለች?»

«እርጥብ ገለባ።»

«ሌላስ?»

«ሁለት ጓደኞች አግኝታለች። አንዷ ጆንያ ለብሳለች።»

ይትካ ሳቋ አመለጣት፤ እናቷም ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ግንባሯን ዳግመኛ ነካቻት። ይቀዘቅዛል። ይህም ቢሆን አሳሰባት።

«ከመጣች ሁለታችንንም እዚሁ ታገኘናለች» አለች። «በይ ተኚ።»

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ደጅ ላይ ማንም አልነበረም። መወርወሪያውን አስገባች፤ በሩን ነቅነቅ አድርጋ አየችው፤ ተመልሳ መጥታ እንደገና ነቀነቀችው፤ ከዚያ በእንጨት ጭምር ቀረቀረችው።