«እናያለን» ያለችው ሴትዮ

በዚያ ወደብ ሰው «እሺ» አይልም። «ጀልባህን ትሸጥልኛለህ?» ሲባልም ሆነ «ታገቢኛለሽ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «እስቲ እናያለን»። እናያለን ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ጀልባው ይወሰዳል፣ ሠርጉ ይደገሳል። እናያለን ብሎ ያፈረሰ ሰው በዚያ አገር አልታየም። ቶሎ ብሎ «እሺ፣ ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ግን ወይ ጠጥቷል፣ ወይ ሊያታልል ነው። ነገሩን ያልፈለገ ደግሞ ስለ ንፋሱ ያወራል። ንፋሱ እንደሆነ ከምዕራቡ ባሕር ሌት ተቀን ይነፍሳል፤ ወሬ አይጠፋም።

ቦዲል እዚያው ተወልዳ እዚያው የሸበተች ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በዓሣ ፋብሪካው ቆማ ዓሣ ስትሰነጥቅ ኖራ፣ ፋብሪካው ተነቅሎ ወደ ፖላንድ ሲሄድ እሷ ከነቢላዋዋ ቀረች። በሥራ ላይ እያለች እንደ ሌላው ሠራተኛ ለሥራ አጥ መድን መዋጮ ትከፍል ስለነበር፣ አሁን ከመድኑ በየወሩ ገንዘብ ይመጣላታል። በዚያችው ገንዘብ እናቷ የተወችላትን ቤት ታሞቃለች፣ ወንድሟን ላውሪትስንም ትደጉማለች። ላውሪትስ ጀርባው ከተጎዳ ወዲህ ባሕር አይወጣም፤ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰውን ጀልባ ይሳደባል።

መድኑ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም። ሥራ ፈልጊ፣ ስንጠራሽ ነይ፣ ያገኘንልሽን ሥራ እንቢ አትበዪ ይላል። አንዴ እንቢ ያለ ለጥቂት ሳምንት ይቆረጥበታል። ሁለተኛ እንቢ ካለ እስከነአካቴው ይባረራል፤ ተመልሶ ለመግባት ብዙ ወር ተቀጥሮ መሥራት አለበት።

የመጀመሪያው ቅጣት በክረምት ደረሰባት። ለአንድ ቀን የትምህርት ቤት ወለል እንድታጥብ ተደወለላት። «የዚያን ቀን አይመቸኝም» አለች። እናቷ የምትቀበርበት ቀን ነበር። ይህን ግን አልተናገረችም፤ የእናትን ሞት ፊቱን ላላየችው ሰው በስልክ መንገር ለሷ ነውር ነው። ተቆረጠባት።

«ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» አላት ላውሪትስ።

«ምን አገባቸው!»

በጸደይ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከመድኑ፣ ከኮፐንሃገን ነው። ፍሬያ የምትባል ልጅ እግር፣ ድምጿ ዜና የምታነብ የመሰለ።

«ቦዲል! ደስ የሚል ነገር ይዤልሽ መጣሁ። በአረጋውያን ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ ተገኝቷል። ሰኞ ትጀምሪያለሽ?»

የቦዲል ልብ ዘለለ። የአረጋውያኑ ቤት በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ድንች መላጥ፣ ድስት ማጠብ፣ ከሰው ጋር ማውራት፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ግን እንደ ሕፃን መጨፈር አይገባም።

«እስቲ እናያለን» አለች።

«ማለት . . . አልወሰንሽም?»

«እናያለን አልኩሽ እኮ።»

ልጅቷ መዝገቧን አገላበጠች። «ሁለተኛሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አለች ቦዲል። ለምን እንደምታስፈራራት አልገባትም። የከተማ ሰው ወሬው እንዲህ ነው ብላ ስልኩን ዘጋች።

እሑድ ማታ ሽርጧን ተኮሰች። ላውሪትስ አሾፈባት።

«ሽማግሌዎቹ ዓሣ መስለውሽ እንዳትሰነጥቂያቸው!»

«ካንተ ነው የምጀምረው» አለችው። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ በዚያ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነበር።

ሰኞ ጠዋት የወጥ ቤቱ አለቃ ሩት በሩ ላይ ስታያት ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ሩትም የዚያው ወደብ ልጅ ናት።

«ቦዲል? ምን ልታደርጊ መጣሽ? ዓርብ ደውለው እንቢ ብላለች ብለውኝ ለሌላ ሰው ሰጠሁት እኮ!»

«ማን? እኔ?»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

«እናያለን ነዋ!»

ሩት በሳቅ ፈረሰች። «አይ አንቺ ሴትዮ! ለኮፐንሃገን ልጅ እናያለን ይባላል?»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

ያኔ የነገሩ ክብደት ሩትን ገባትና ጭልፋዋን አስቀመጠች። ከኋላዋ አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ ድንች ትልጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከመድኑ መባረሯ ተነገራት። ቦዲል ይግባኝ አለች፤ ልትመሰክርላት ሩት አብራት ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ ሩት ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«ስልኩ ይቆራረጥ ነበር በይ። ንፋስ ነበር፣ አልሰማሁም በይ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።»

«ስልኩ ጥሩ ነበር።»

«ቦዲል!»

«ጥሩ ነበር አልኩሽ።»

ይግባኝ ሰሚው ጢሙን በደንብ የተከረከመ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሩት የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት።

«ሰኞ መሄድሽን አምናለሁ» አላት ለቦዲል። «እኛ የምናየው ግን ስትጠየቂ የሰጠሽውን መልስ ነው። እናያለን ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ስልኩ በደንብ ይሰማ ነበር?»

ሩት ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«ይሰማ ነበር» አለች ቦዲል።

«እንግዲያስ እሺ አላልሽም።»

«እሺ ነው ያልኩት። በኛ ዘንድ እሺ ማለት እሱ ነው።»

ሰውየው አዘነላት፤ ከልቡ ነው ያዘነላት። «ሕጉ ግን የየመንደሩን አነጋገር አያውቅም» አለ። «በክረምቱስ፣ መጀመሪያ እንቢ ስትዪ ምክንያት ነበረሽ?»

ቦዲል ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያለፈ ነገር ነው።»

«እናቷን እየቀበረች ነበር!» አለች ሩት፣ ልትቆም ምንም አልቀራት።

ሰውየው ቀና አለ። «ምነው ያኔ ብትነግሩን? ያኔ ቢሆን ወዲያው ይሰረዝ ነበር። አሁን ግን የመቃወሚያው ጊዜ አልፏል።»

ሲመለሱ ሩት አለቀሰች። ቦዲል ያመጣችውን ጥቁር ዳቦ ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን ሰጠቻት።

በጋውን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ዞረች። በየደጃፉ ሰዎቹ ዓሣ መሰንጠቅ ያጣመመውን ትከሻዋን እያዩ ስለ ንፋሱ አወሯት። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ እርዳታ ስትጠይቅ፣ «ቤት እያለሽ አንረዳሽም፤ መጀመሪያ ቤቱን ሽጪና እሱን ብዪ» አሏት። ላውሪትስ መሳደቡን ተወ። ብርዱ ሲገባ ማሞቂያው ጠፍቶ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጣል።

በመከር የቤት ደላላው ቬርነር መጣ። የጎረቤት ልጅ ነው፤ ትንሽ እያለ ከግቢዋ ፖም ሲሰርቅ ጆሮውን ቆንጥጣው ታውቃለች። «ይሸጣል» የሚለው ሰሌዳ መኪናው ውስጥ ይታያል።

«ቦዲል፣ የበጋ ቤት የሚፈልጉ ጀርመኖች አሉኝ። እንሽጠው?»

ቦዲል ዞር ብላ በመስኮቱ ላውሪትስን አየችው። ቤቱን ብትሸጥ እሱን የት ታደርገዋለች? ባትሸጥስ ክረምቱን በምን ያልፋሉ? እውነቷን ነው፣ አልወሰነችም። አንድ ሌሊት ማሰብ ፈለገች። ስለ ንፋሱ ልታወራም አሰበች፤ ግን የዚያን ቀን ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ዝም ብሎ ተኝቷል፣ በየደጁ ያለው ባንዲራ ሁሉ ምሰሶው ላይ ተልፈስፍሷል።

«እስቲ እናያለን» አለች።

«ጥሩ» አለ ቬርነር። ኮፍያውን ነካ አደረገና ሰሌዳውንና መዶሻውን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።