ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጥሪ

አጥናፉ ሚስቱን ሽማግሌ ፊት ያቆማት በሁለት መቶ ዐሥራ አራት የስልክ ጥሪ ነው። ባል ሚስቱን በደብዳቤ፣ በሰው ምስክር፣ ኧረ በሽቶም ሲከስ ተሰምቷል፤ በአንድ ሳምንት የጥሪ ዝርዝር የከሰሰ ግን፣ ቢያንስ በእሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከአጥናፉ በፊት የለም።

ጊዜው ዘጠና ስምንት ዓ.ም. ነው። አጥናፉ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበረው፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ የሚተየብበትና የሚጠረዝበት ቅርንጫፍ ከፈተ። ፒያሳ ባንኮኒው ላይ ሚስቱ አክበረት ተቀመጠች፤ ስድስት ኪሎን ክፍሎም ያዘ። ክፍሎም ሥራ የሚያውቅ፣ ሰው የሚያስቅ፣ ሚስት የሌለው ሰው ነው። ሥራ ማወቁ ደግ ነው። ሚስት ማጣቱንም አጥናፉ በቻለው ነበር፤ ሰው ማሳቁ ባይጨመርበት።

አክበረትና ክፍሎም በስልክ የሚነጋገሩት በትግርኛ ነው። አጥናፉ ዐሥራ አንድ ዓመት ከእሷ ጋር ሲኖር የለመደው የጠዋቱን ሰላምታ "ከመይ ሓዲርኩም"ንና የምግብ ስም ብቻ ነው። ስለ ወረቀት ያወራሉ፣ አክበረት ትስቃለች። ወረቀት ምኑ ያስቃል? ከጓዳ ሆኖ ያቺን ሳቅ በሰማ ቁጥር የሚቆጥረው ሒሳብ ይጠፋበታል። ለእሱ እንደዚያ ከሳቀችለት ስንት ጊዜው! ይኼ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሱ ግን ጥንቃቄ ብሎ ሰየመው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሁለቱን ሱቆች በኮምፒውተር እንድታገናኝለት ሰምሃር የምትባል ባለሙያ አመጣ። የያኔው መስመር አይ.ኤስ.ዲ.ኤን የሚባለው ነበር፤ በአንዲት የስልክ መስመር ድምፅም የኮምፒውተር መልእክትም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በየሱቁ ደግሞ ራውተር የምትባል ትንሽ ሣጥን ትቀመጣለች።

"ሣጥኗን በሁለት ዓይነት ማዘጋጀት ይቻላል፣ ጋሽ አጥናፉ" አለችው ሰምሃር። "አንደኛው ራውቲንግ ነው። ሁለቱ ሱቆች ሁለት ቤት ይሆናሉ፤ ሣጥኗ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆማ ወደ ማዶ የተላከውን ብቻ ታሳልፋለች። ሌላው ብሪጂንግ ነው። በመካከል ያለው ግድግዳ ይፈርሳል፤ አንዱ ቤት የተነገረው ሁሉ ሌላውም ቤት ይሰማል። ለእርስዎ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግን..."

"ግድግዳው ይፍረስ" አለ አጥናፉ።

"መስመሩ ላይ ግን..."

"ሰምሃር፣ ቤቱ የእኔ ነው። ክፍሎም ዘንድ ያለው ሁሉ እዚህ ጓዳ ይታየኝ። ዘበኛ አልፈልግም።"

ኮምፒውተሮቹም ቀን ከሌት እንዳይጠፉ አዘዘ። ሰምሃር ከባለቤቱ በላይ ለቤቱ ላስብ አላለችም፤ እንደታዘዘችው አደረገች።

ከዚያ ወዲያ ሱቅ ሲዘጋ አጥናፉ የክፍሎምን ፋይል አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። ስለ ቡና በሽታ አነበበ፤ ስለ ድሮ የመሬት ሥሪት አነበበ፤ የቀረው ዲግሪውን መቀበል ብቻ ነበር። የአክበረትንም አልማረም። ለጓደኛዋ ለምኞት የጻፈችውን ደብዳቤ አገኘ፦ "ባሌ ደግ ሰው ነው፤ ዝምታው ብቻ ይከብደኛል" ይላል። ደግ የሚለውን ዘለለው። ዝምታው የሚለው ላይ ሦስት ቀን ተብሰለሰለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም በማጣቱ እፎይ ባለ። አጥናፉ ግን ባጣ ቁጥር ባሰበት። እዚህ ከሌለ በስልክ ነው ማለት ነው ብሎ፣ ቴሌ ሄዶ የሱቁን መስመር የጥሪ ዝርዝር አወጣ። ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ተደውሏል። የመጀመሪያውን ገጽ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ አነበበ። ሰኞ ብቻ ሠላሳ አንድ ጊዜ! የቀሩትን ገጾች አላገላበጠም፤ ምን ሊያደርጉለት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ጠራ። አንዱ የአክበረት አባት ወዳጅ የነበሩት፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ጋሽ ገብረአብ ናቸው። ሁለተኛው ድሮ አክበረትን ለአጥናፉ የለመኑለት ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው።

አጥናፉ ቆሞ አነበበ። "ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ሦስት ሰዓት ከዐሥራ አንድ። ሦስት ሰዓት ከሃያ..." ወረቀቱን ከፍ አደረገ። "ይኼ የሥራ ነው? በአንድ ቀን ሠላሳ አንድ ጊዜ! ለእኔ በዓመት ሠላሳ አንድ ጊዜ ደውላልኝ አታውቅም!"

"አልደወልኩም" አለች አክበረት። "በቀን አንዴ ሁለቴ ብደውል ነው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

"ታዲያ ወረቀቱ ይዋሻል?"

አክበረት ወለሉን አየች። ጋሽ ሉልሰገድም የለመኑለትን ቀን እየረገሙ ይመስል ወለሉን አዩ።

"እስቲ ስጠኝ" አሉ ጋሽ ገብረአብ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ፈተና ሲያርሙ መጀመሪያ የሚያዩት የመጨረሻውን መልስ ነበር። አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አቁመው ቀና አሉ።

"ባለፈው እሑድ ጠዋት የት ነበራችሁ?"

"ጊዮርጊስ፣ ቅዳሴ ላይ" አለ አጥናፉ።

"አብራችሁ?"

"አብረን። ክርስትና ስለነበረብን እስከ አራት ሰዓት ቆየን።"

"ሱቁስ?"

"ዝግ ነበር። ቁልፉ እኔው ኪስ ነው።"

"እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተደውሏል። አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስትም ተደውሏል። እስከ ሦስት ሰዓት ዐሥራ አራት ጊዜ። እንግዲህ ወይ ሚስትህ ቅድስት ሆና በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ትገኛለች፣ ወይ ደዋዩ ሌላ ነው።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ ጋሽ ሉልሰገድ፣ ሳቃቸውን በሳል እየሸፈኑ።

ሰምሃር ተጠርታ መጣች። ዝርዝሩን አንዴ አየት አድርጋ መለሰችው።

"ራውተሯ ናት የደወለችው። እሷና ስልኩ አንድ መስመር ላይ ስለሆኑ ዝርዝሩ አይለያቸውም። ኮምፒውተር ሰው ባይነካውም በየጊዜው ማን አለ እያለ ይጣራል። ዘበኛ ቢኖር ጥሪው እዚያው ቤት ይቀር ነበር። ግድግዳው ስለፈረሰ ግን ማዶ መድረስ አለበት፤ ሣጥኗም ልታደርስ ትደውላለች። ዝም ሲል ትዘጋለች፣ ሲጣራ ደግማ ትደውላለች። ሌሊት እንድታርፍ ባላደርጋት ኖሮ ከዚህም በላይ በደወለች። ልነግርዎት ነበር፣ ጋሽ አጥናፉ፤ አላስጨረሱኝም።"

አጥናፉ በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሚስቱ የእሱው ናት! ሊስቅ ጥርሱን ገለጥ አደረገ።

"ግድግዳውን ማን አስፈረሰው?" አለች አክበረት።

ሰምሃር ወደ አጥናፉ አየች። እሱ ባዶ ግድግዳ ላይ አፈጠጠ።

"ጋሽ አጥናፉ ናቸው። ክፍሎም ዘንድ ያለው ሁሉ እንዲታያቸው ብለው።"

"የእኔስ?"

"የእርስዎም ይታያል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገና ወዲህ ነው። ስድስት ወር አለፈው።"

ጋሽ ሉልሰገድ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸውና ቶሎ ተነሡ። "በሉ፣ ተሳሳተ፣ እውነቱም ወጣ። ይቅር ለእግዜር ተባባሉና እንሂድ።" አጥናፉም የሚስቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። አክበረት ጉልበቷን ሰበሰበች።

"ቁጭ በሉልኝ፣ አባቶቼ" አለች። "ያለቀው የእሱ ክስ ነው፤ እኔ አልደወልኩም። የእኔን ክስ ገና አልሰማችሁም።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ተመልሰው ተቀመጡ። አጥናፉ እንዳጎነበሰ ቀረ። ልቡ የሚላት ብዙ ነበር፤ ስለወደድኩሽ ነው ሊላት አፉን ከፈተ፣ ግን ያንኑ ቃል ለስድስት ወር አንድ ቀንም እንዳላላት ትዝ አለውና ዘጋው።

"አንተም ተቀመጥ" አሉት ጋሽ ገብረአብ፣ ከፊታቸው ያለውን ወንበር እያሳዩ።

ተቀመጠ። አክበረት ክሷን ለማሰማት ወረቀት አላስፈለጋትም።