የማትቆጣዋ እናት

ልብስ ሰፊዋ ድምፅ ቀድታ በምታሰማ ትንሽ ሳጥን ላይ ድምጿን ስትቀዳ አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግማለች። የመጀመሪያዎቹ ድካሟን አሳበቁባት፤ አንዱ ላይማ ሳል ገብቶበት ነበር። በመጨረሻ ማር የመሰለ ድምፅ ወጣላት።

ሳጥኗ ከመዳፍ አትበልጥም። በባትሪ ትሠራለች፤ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ልጇ ሚጣ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትገባ «መቀርቀሪያውን አድርጊ» ትላታለች፣ አሥር ሰዓት ላይ መክሰስ ታስበላታለች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ «መቀርቀሪያውን አሁን አንሺው» ትልና እናትየዋ በቁልፏ ከፍታ ትገባለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ «አትክፈቺ፣ የኔ ልጅ። እማዬ ነኝ ቢሉሽም አትክፈቺ። እኔ እዚሁ አለሁ።»

ይህችን የመጨረሻዋን የጨመረችው በራሷ ብልሃት ነው። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣ ልጇ አንድ ናት፤ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። በብልሃቷ ኮርታ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አስደምጣለች።

ማታ የምትገባው ሴት ግን ሌላ ነበረች። ወገቧ ተቆርጦ፣ ዓይኗ ደክሞ ትመጣና ደብተሩ የት አለ፣ ጫማው ለምን ተዝረከረከ እያለች ትጮሃለች። አንድ ቀን ሚጣ፣ ለምን እንደ ሳጥኗ አታወሪም አለቻት። እናቷ ሳቀችባት። ሌላ ቀን ደግሞ ልጅቷ ወንበር ላይ ቆማ፣ አፏን ሳጥኗ ላይ ለጥፋ የትምህርት ቤት ወሬዋን ስታንሾካሹክ ደረሰችባት። ለእናቷ ሲሆን «ደህና» ብቻ ነው መልሷ። ሴትየዋ በገዛ ድምጿ ቀናች፤ አፍራም ለማንም አልተናገረች።

ያን ቀን ጠዋት ዩኒፎርም ስትተኩስ መብራት ጠፋ። ረፍዶባት ስለነበር ጨርቁን እዚያው ጥላ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣና በሥራ ቦታዋ የስፌት ማሽኖቹ ሁሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ሰዎቹ እሰይ ሲሉ እሷ ክው አለች። ካውያውን ከሶኬቱ አልነቀለችም፤ ጨርቁ ላይ ደፍታው ነው የሄደችው።

እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ስትደርስ በብረት ፍርግርጉ መስኮት ጭስ ይወጣል። ቁልፉ ዞረ፤ መቀርቀሪያው ግን ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነበር። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

«አትክፈቺ፣ የኔ ልጅ» አለ የራሷ ድምፅ ከውስጥ፣ ረጋ ብሎ።

«ሚጣ! እኔ ነኝ! ክፈቺ!»

«የኔ እማዬ አትጮህም» አለች ልጅቷ። ከዚያ ዞር ብላ ለሳጥኗ ስትናገር ተሰማ፦ «እማዬ፣ ቤቱ ይጨሳል።»

ሴትየዋ እንደገና ደበደበች፤ ሳጥኗም እንደገና እዚሁ አለሁ አለች። ሳጥኗን የሚያናግራት የራሷ ቡጢ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባት። እጇን ሰበሰበች፤ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ ያን የማር ድምፅ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሞከረችው።

«ሚጣዬ፣ የኔ ልጅ፣ መቀርቀሪያውን…» ጭሱ ጉሮሮዋን ያዛት፤ ሳሏ ቀደማት።

ከውስጥ ትንንሽ እግሮች ከበሩ ሲሸሹ ሰማች።

ጎረቤት ያለው አናጢ ጩኸቷን ሰምቶ መጣና በመጥረቢያ በሩን ሰበረው። ጠረጴዛው ግማሹ ነዷል፤ አናጢው ካውያውን ነቅሎ እሳቱን በባልዲ ውሃ አጠፋ። ልጅቷ ከሳጥኗ ሥር ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ቆማለች። በሕይወት አለች። ሴትየዋ ተንበርክካ እጆቿን ዘረጋችላት። ልጅቷ ጭራሽ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«እማዬ» አለች ቀና ብላ ወደ ሳጥኗ፣ «ሰብረው ገቡ።»

አናጢው ባልዲውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የሚያይበት ጠፋው። እናትየዋ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሳል ብቻ ወጣ።

አሥር ሰዓት ሆነ።

«የኔ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢና መክሰስሽን ብዪ።»

ሚጣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ለግድግዳው «እሺ እማዬ» አለችና፣ በተንበረከከችው ሴት አጠገብ አልፋ እጇን ልትታጠብ ሄደች።