ቁልፍ ሠሪው ስለ ወንድሙ የተናገረው

ታላቅ ወንድሙ በሞተ በሰባተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፦ እናቱ፣ አክስቱ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ የሆነ አንድ ሹፌርና ቁልፍ ሠሪው ራሱ።

«ዛሬ እንኳ አልቅስ እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?» አለችው አክስቱ በሹክሹክታ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

አክስቱን ሻዩ ትን አላት። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። እናቱ «ስለ ልጄ አንድ አንድ ነገር ንገሩኝ» ብላለች። እሱ ደግሞ መዋሸት አይሆንለትም። እናቱ ሟቹን የምታውቀው ለታናሹ ጋሻ የነበረ ልጅ አድርጋ ነው።

ያ «ጋሻ» ግን፣ ልጆች ሳሉ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ታናሹን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ይቆልፍበት ነበር። «ሐውልቱ፣ እስቲ ተናገር» እያሉ በሩን ይደበድባሉ። እስከ ዛሬ ከጀርባው ሳቅ ሲሰማ መዳፉን ያልበዋል።

ባለፈው ወር፣ በአርባ ዓመቱ፣ አንዲት ሐኪም «ኦቲዝም ነው፤ አብሮህ የተወለደ። ጥፋትህ አይደለም» ብላ ጽፋ ሰጠችው። ወረቀቱን ይዞ በቀጥታ የሄደው ወንድሙ ወደተኛበት ሆስፒታል ነበር።

«እኔ ልጀምር» አለ ሹፌሩ። «አንተ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ስንቆልፍብህ ትዝ ይልሃል? ወንድምህ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነበር።»

ብቻውን ሳቀ።

«ማን ላይ ነው የቆለፋችሁት?» አለች እናቱ።

ቁልፍ ሠሪው በሩን አየ። ሮጦ ቢወጣ ተመኘ፤ ግን ከመቀመጫው አልተነሣም።

«እኔ ላይ» አለ። «ብዙ ጊዜ። ጨዋታ አልነበረም፤ እፈራ ነበር።»

«ወንድምህም ነበረበት?»

«አዎ። ባለፈው ወር ሆስፒታል ሄጄ የሐኪሟን ወረቀት አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ‹እኔ እኮ ዝም ስትለኝ የምትንቀኝ ይመስለኝ ነበር› አለኝ። ይቅርታ አላለኝም። እጄን ያዘና እስክሄድ አልለቀቀኝም። ሰው ሲነካኝ አልወድም፣ እማዬ። ግን እጄን አልነጠቅሁትም።»

ሹፌሩ ሳይሰናበት ወጣ። እናቱ እጇን ወደ ልጇ ዘርግታ ሳትነካው ገታችው፤ እጇን በመካከላቸው ሶፋው ላይ አሳረፈች። እሱም የራሱን እጅ አምጥቶ ከእጇ አጠገብ አኖረ። በሁለቱ እጆች መካከል የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ቀረ።

እስኪመሽ እንደዚያው ተቀመጡ።