የዕርቁ ጥይት

መምህር ለይኩን በገንዳ ውሃ ታሪክ ሲያስተምር፣ ተማሪ የማያንቀላፋበት አንድ ትምህርት ነበረው፤ የሮም መንግሥት አወዳደቅ። ቦኒፋስና ኤቲየስ የሚባሉ ሁለት የጦር አዛዦች፣ የአንድ መንግሥት ጋሻ መሆን ሲገባቸው እርስ በርስ ሲበላሉ፣ ቫንዳሎች የሚባሉ ወራሪዎች ባሕር ተሻግረው በሮም ሥር የነበረውን ሰሜን አፍሪካ ወሰዱ። ይህን ሲናገር ጠመኔው እጁ ላይ ይሰበር ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ከሚሰሙት መካከል ፈረደና ስሜነህ ነበሩበት። ምን ዋጋ አለው? መስማትና መማር ለየቅል ነው።

አሁን ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ሁለቱ ተማሪዎች ታጣቂ ይመራሉ። ትናንት ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደውን መንገድ ማን ይያዘው ተባብለው ተለያዩና፣ ሰሊጥ የጫነ መኪና ቀርቶ በሽተኛ እንኳ ማለፊያ አጣ። የለይኩን አንድያ ልጅ ማዕረግ ደግሞ ከስሜነህ ጋር ነው። ወጣ፣ አልተመለሰም። እናቱ አሰበች እህል አልወርድ ብሏት ከስታለች። ስለዚህ ለይኩን ሽምግልና የገባው ለአገር ብሎ ነው ብንል ውሸት ይሆናል። ሁለቱ ከታረቁ ልጁ ይመለሳል፤ የፈለገው ይህን ብቻ ነው።

ስሜነህ ቶሎ እሺ አለ። ፈረደ ግን ከሰፈረበት የእርሻ ካምፕ ጥላ ስር ተቀምጦ ብዙ አዳመጠና ሳቀ።

«መምህር፣ የቦኒፋስን ነገር አልረሳሁም። አሸንፎ በቁስሉ ሞተ። ኤቲየስስ እንዴት ነበር የሞተው?»

ለይኩን እስኪመልስ ሳይጠብቅ ፈረደ ራሱ ቀጠለ።

«ንጉሡ ለምክክር በተቀመጡበት በገዛ እጁ ገደለው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«ያስተማርኩህ እንድትፈራ አልነበረም።»

«እመጣለሁ፤ ለእርስዎ ስል።»

መጣም። ስምምነቱ ጠመንጃ ሁሉ ከዕርቁ ቦታ ዳር ካለው ግራር ስር እንዲቀመጥ፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ጠባቂ እንዲቆም ነበር። ከስሜነህ ወገን የቆመው ማዕረግ ነው፤ ልጁን በዓይኑ እንዲያየው ብሎ ለይኩን ራሱ ለምኖ ያስመረጠው። ፈረደ ግን በአቅራቢያው ካለ የማሽላ እርሻ ውስጥ ታጣቂዎቹን አስተኝቶ ነበር። «ተኩስ ከሰማችሁ እኔ ሞቼአለሁ፤ አንድም እንዳታስቀሩ» ብሏቸዋል። ይህን ለይኩን የሰማው ኋላ ነው።

ዕርቁስ ያምር ነበር። ስሜነህ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ፤ ፈረደ አነሳለት፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ለዕርቁ የተጠሩት ካህን መስቀል አሳለሟቸው። ለይኩን እንባውን እየጠረገ ወደ ግራሩ ሄደና፣

«ልጄ፣ አለቀ። ነገ ቤትህ ትገባለህ» አለው።

ቆላ ውስጥ ደስታ ያለ ጥይት መቼ ደስታ ይሆናል? ሙሽራ ሲገባ ይተኮሳል፤ ወንድ ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል። ማዕረግም አባቱን ሳመ፣ ጠመንጃውን አፈፍ አደረገ፣ ወደ ሰማይ ተኮሰ። እየሳቀ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ማሽላው ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያዋ ጥይት ያገኘችው ማዕረግን ነው። ከዚያ ባዶ እጃቸውን የነበሩት ሁሉ ወደ ጠመንጃቸው ሮጡ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። መሪዎቹ ተረፉ። መሪ መቼ ይሞትና!

ለይኩን ልጁን ቀበረ። ቆላው ሁሉ ግን ማዕረግን «ዕርቅ አፍራሽ፣ የስሜነህ ቅጥረኛ» እያለው ነበርና፣ ቢያንስ ስሙን ላትርፍለት ብሎ ወደ ፈረደ ሄደ።

«የደስታ ተኩስ ነበር፤ ወደ ሰማይ ነው የተኮሰው» አለው።



«አውቃለሁ መምህር። ወደ ላይ ሲተኩስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ተናገርለታ!»

«ለሞቱብኝ ልጆች እናቶች ምን ልበል? እኔ ነኝ በከንቱ ያስፈጀኋቸው ልበል? ስሜነህ ከዳን ካልኩ ሰዉ ከእኔ ጋር ይቆማል። ስሜነህም በበኩሉ ፈረደ ከዳን ይላል። ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ። ለይኩን እግሩን ሰበሰበ።

ቤት ሲደርስ አሰበች ከበሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አስረዳኸው? አመነህ?»

«ማስረዳት አላስፈለገም» አላት። «ያውቃል።»