በነጭ ላይ ነጭ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ሚሊሜትር» ነው የሚሏት። በምትነድፈው የዕቃ ልጣፍ ላይ አንዲት መስመር ለዐይን የማትታይ ያህል ከተዛነፈች ሥራውን አላስረክብም ትላለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከእጇ የወጣ ሥራ ተመልሶባት አያውቅም።

እሑድ ከሰዓት አክስቷን ልትጠይቅ ሄደች። አክስቷ እንግዳ አፉን ሳያርስ ሲቀመጥ አይወዱም። ጓዳ ገብተው ሁለት ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ በጥብጠው መጡ።

«ስኳር ጨምሬበታለሁ፤ ቀዝቀዝ እንዳለ ጠጪ።»

ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታስጠጋ አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ግን ደስ አይልም።

«እትዬ፣ ከየት ያመጡት ነው?»

«ከሱቅ ነዋ! ባለሱቁ ከጭማቂው ጋር ደርድሮት አገኘሁ። ጠርሙሱ ያውልሽ፤ ሎሚዋ ስታምር!»

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጠርሙስ ቆሟል። ልጣፉ ላይ ያለችውን ሎሚ ገና ስታያት አወቀቻት። ቅጠሏን ሦስቴ አፍርሳ የሳለቻት እሷው ናት። ለጭማቂ ግን አልነበረም፤ የተደፈነ ቧንቧ ለሚከፍት ኬሚካል ነው።

ቀና ስትል አክስቷ ብርጭቋቸውን ከንፈራቸው ጋ አድርሰዋል።

«እትዬ! ያስቀምጡት!» ብላ ብርጭቆውን በጥፊ መታችው። ምንጣፉ ላይ ተከነበለ።

«ምን ነካሽ? አበድሽ እንዴ?»

«ዋጡ? ቀመሱት?»

«ኧረ ከንፈሬንም አልነካኝ! ምንድን ነው እሱ?»

ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ወስዳ አዘንበል አደረገችው። ብርሃን ሲያርፍበት ነጫጭ ፊደላት በነጩ ፕላስቲክ ላይ ብቅ አሉ፦ «መርዝ ነው። አይጠጣም።» ክው አለች።

ከሁለት ወር በፊት የኬሚካሉ አምራች ደውሎ፣ «ልጣፉ ላይ ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን አረንጓዴ ቀለም አውጪልኝ፤ ጠርሙሱ ራሱ አረንጓዴ ነው» ብሏት ነበር። አወጣችው። ነጩ ጽሑፍ በነጭ ገጽ ላይ አልታይ ሲላት፣ እስክትጨርስ ብቻ የኮምፒውተሩን ገጽ ግራጫ አድርጋ ሠራች። ከዚያ ፋይሉን ያለ ጀርባ ቀለም አስቀምጣ ላከች፤ ጠርሙስ ላይ በሚለጠፍ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ታተመ። ጠርሙሱ ቢቀየርስ ብላ ግን አልጠየቀችም።

ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደውላ ማስጠንቀቂያው በነጭ ጠርሙስ ላይ እንደማይነበብ ነገረችው።

«አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው» አላት። «ጠርሙስ የቀየረው እሱ። በሰው ጣጣ ምን አገባን? ዝም በይ።»

«ጋሼ፣ አክስቴ ሊጠጡት ነበር እኮ።»

«የት ነሽ? መኪና ይዤ መጣሁ» አለ።

ሁለቱ ሄደው አምራቹን ከቤቱ አወጡት። «አረንጓዴው ጠርሙስ ሲያልቅብኝ በነጭ ሞላሁት» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ያው ጠርሙስ ነው፣ ምን ለውጥ አለው ብዬ…» አርባ ሁለት ነጭ ጠርሙስ ለአራት ሱቅ አከፋፍሏል። ሳይመሽ አርባ አንዱን ሰበሰቡ። አንዱ የለም። የሸጠው ባለሱቅ ማን እንደገዛው ማስታወስ አቃተው።

ሰኞ ጠዋት ሚሊሜትር ፋይሉን ከፍታ ከማስጠንቀቂያው ሥር ጥቁር ጀርባ አደረገች። በነጭ፣ በአረንጓዴና በቀይ ላይ አትማ አየች። በሦስቱም ላይ ይነበባል፤ እሷ ግን በየደቂቃው ስልኳን ታያለች።

ቀትር ላይ ባለሱቁ ደወለ፤ ትዝ ብሎታል። የገዛው ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው።

ሚሊሜትር፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤትና አምራቹ ተያይዘው ሮጡ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ትንሿን ማቀዝቀዣ ከፈተላቸው። ጠርሙሱ ከውኃዎቹ መሃል ተቀምጧል፤ ክዳኑ አልተነካም።

«ምነው? የተበላሸ ነው?» አለ ግራ ገብቶት። «ዛሬ ሲሞቅ ለደንበኞቼ ልቀዳላቸው ነበር።»

አምራቹ የሚላጭ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሚሊሜትር ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አምጪው እስኪላት ድረስ አልለቀቀችውም።